የሸክላው ጀርባ፦ የአንድ ሳጥን ሙዚቃ ከመጥፋት የማዳን ሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት ማገባደጃ

ሳጥኑን ተረከብኩ። ከባድ የእንጨት ሳጥን ነው። ውስጡ ባለ 45 ዙር፣ ማለትም በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ፣ ትንንሽ ሸክላዎች ተደርድረዋል። ግማሾቹ የወረቀት ልብሳቸው ላይ ናቸው፣ ግማሾቹ ራቁታቸውን ናቸው። የሰፈራችን እናት ናቸው የሰጡኝ፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ድሮ መጠጥ ቤት ነበራቸው። ሙዚቃው በየምሽቱ ለደንበኛ ሲጫወት የነበረ ነው። መጠጥ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ሳጥኑ አልጋ ሥር ገባ፤ እዚያው ዓመታት አለፉት።

«ውሰድና የምታደርገውን አድርግ ልጄ» አሉኝ። «አንዷም እንዳትጠፋብኝ እንጂ።»

ሥራው ሦስት ነገር ነው። ማጠብ፣ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ መመዝገብ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትዕግሥት ካለ ያልቃሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው። የዚያን ዘመን ሸክላ አንስታችሁ መሀሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት አንብቡት። የዘፋኙ ስም አለ። የዘፈኑ ርዕስ አለ። የባንዱ ስም አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ሳክስፎኑን ማን ነፋው? ቤዙን ማን ያዘው? ከበሮው ላይ የተቀመጠው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የለም። ዘፋኞቻችንን በደንብ እናውቃቸዋለን፤ ክብራቸውም ይገባቸዋል። ከኋላቸው ቆመው የኢትዮጵያን ጃዝ የፈጠሩት ተጫዋቾች ግን ስማቸው የሚገኘው በሚያውቋቸው ሰዎች አእምሮ ውስጥ ነው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ እያረጁ ነው። ስለዚህ ድምፁን ከስሙ ጋር አብሬ ማስቀረት እፈልጋለሁ።

ከዚህ በታች ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የሸክላ ሰብሳቢዎች መዝገብ ሁሉ በዚያ ስለሚሄድ እንዳይምታታ ብዬ ነው።

ኅዳር መጀመሪያ

ሳልነካካ፣ ሳላጥብ፣ በአሳታሚ መለየት ጀመርኩ። ምንጣፍ ላይ ንጹሕ አንሶላ አነጠፍኩና ሸክላዎቹን በክምር በክምር አስቀመጥኳቸው።

ትልቁ ክምር የአምሃ ሬከርድስ ነው። እንደጠበቅኩት። አምሃ እሸቴ ይህን ድርጅት የከፈተው በ1969 ነው። ከዚያ በፊት ሸክላ የሚሸጥ መደብር ነበረው። በጊዜው ሸክላ የማሳተምም ሆነ ከውጭ የማስገባት መብት በንጉሡ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ሀገር ፍቅር ግን ዘመናዊውን የወጣቶች ሙዚቃ እያሳተመ አልነበረም። አምሃ ይህን ክልከላ እያወቀ ገባበት። የመጀመሪያውን ሸክላ ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር ቀዳ፤ ሕንድ ልኮ አሳተመው። ሸክላው እንደወጣ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ትልልቆችን አወጣ። ከዚያ በደርግ ዘመን አገር ለቆ ወጣ። በ2021 ነው ያረፈው።

እነዚህን ቁጥሮች ብዙ ጊዜ እደግማቸዋለሁ፤ ልብ ስለሚሞሉ። አንድ ወጣት፣ ስቱዲዮ የሌለው፣ ማተሚያ የሌለው፣ ሕጉ የማይፈቅድለት፣ በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ ይህን ሁሉ ሠራ። ስለ ትንንሽ ነጻ አሳታሚዎች ስናወራ ሁልጊዜ ኒው ዮርክና ለንደን ይጠቀሳሉ። የእኛም ታሪክ ከማንም አያንስም።

ሁለተኛው ክምር የካይፋ ነው። የአሊ አብደላ ካይፋ፣ ብዙዎች አሊ ታንጎ የሚሏቸው ሰው ድርጅት። ካይፋ የመጣው በሰባዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ነው፤ ከአምሃ በኋላም ቀጠለ፣ ወደ ካሴት ዘመንም ተሻገረ። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» የካይፋ ሥራ ነው። የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው»ም እንዲሁ፣ በ1977 የወጣው። በእማማ ሳጥን ውስጥ ትልልቅ ሸክላ ስለሌለ እነዚህ የሉም። ትንንሾቹ ግን አሉ።

ሦስተኛው የፊሊፕስ ነው። እሱ ትልቅ የውጭ ኩባንያ ነው፤ እንዲያም ሆኖ እዚህ የሠራው ሥራ ይከበራል። የጌታቸው መኩሪያን የ1972 ሙሉ የሳክስፎን ሸክላ ያወጣው ፊሊፕስ ነው። ጌታቸው ሽለላን ከጀግና አፍ አውጥቶ በሳክስፎን ያስፎከረ ሰው ነው።

የቀሩት ጥቂቶች የውጭ ናቸው፤ ለብቻ አስቀመጥኳቸው።

በአምሃ ሸክላዎች ላይ ከቁጥሩ በፊት ሁለት ፊደሎች አሉ፤ ኤ እና ኢ፣ የአምሃ እሸቴ የስም መነሻ። በካይፋዎቹ ላይ ኬ እና ኤፍ። ይህን ቁጥር ከወረቀቱ ላይ ገለበጥኩ። ከዚያ ሸክላውን ወደ መብራት አዘንብዬ፣ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ ወረቀቱ ጋ እስኪደርስ ያለውን ልሙጥ ቦታ አየሁ። እዚያ በማተሚያ ቤት የተጫረ ቁጥር አለ። አንዳንዱ በእጅ የተጻፈ ነው፤ ቀጭን፣ ጠመም ያለ። ወረቀቱ ቢላጥ እንኳ ያ ቁጥር ሸክላው ላይ ይኖራል። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፍኩ። በሳጥኑ ውስጥ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ የተላጠ አንድ ሸክላ አለ። ማንነቱን የማውቀው በዚያ ጭረት ብቻ ይሆናል።

ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ከተማው ይታጠናል። በየደጁ ቆሻሻ ሲቃጠል ጭሱ በመስኮት ይገባል። ሸክላ አይከፈትም። ሁሉንም አንሶላ አልብሼ በር ዘጋሁ።

ከሰዓት የሸክላ ወዳጆች ተሰበሰብን፤ እንደ ወትሮው ቡና ተፈላ። ወሬው ወዲያው ወደ ውጭ አሳታሚዎች ሄደ። አንደኛው ጓደኛችን ነገሩ ሁሉ ያናድደዋል። «የእኛን ሙዚቃ ከመጥፋት ያዳነልን ፈረንጅ ነው» ይላል። እኔ አልስማማም፤ ግን ንግግሩ ውስጥ እውነት አለ።

ነገሩን ከሥር ብናየው ይሻላል። በ1986 ክራምድ የሚባለው የቤልጂየም ትንሽ አሳታሚ «እሬ መላ መላ»ን አውሮፓ ውስጥ አወጣው። ከጀርባው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነበር። ፋልሴቶ በ1997 በፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ በኩል «ኢትዮፒክስ» የሚለውን የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲዎች ተከታታይ ጀመረ። አምሃ እሸቴም ሥራዎቹን ፈቀደለት። በተከታታዩ 4ኛው የሙላቱ አስታጥቄ ነው፤ የ1969 እስከ 1974 ሥራዎቹ። ይህ ሲዲ በ1998 ወጣ። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሠሪ የሙላቱን ሙዚቃ ፊልሙ ውስጥ ሲያስገባው፣ ኢትዮ ጃዝ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሸክላ ፍለጋ ወጣ።

ከዚያ ትንንሾቹ መጡ። የሆላንዱ ዘ ኤክስ የሚባለው ባንድ ከጌታቸው መኩሪያ ጋር ሠርቶ በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን በራሱ ሰዎች አሳታሚ፣ በቴርፕ፣ አወጣ። ይህ ለእኔ ልዩ ነው። የድሮውን ማሳተም አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው ሰባ ዓመቱን አልፎ አዲስ እንዲቀዳ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ ደግሞ ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የሚባል አሳታሚ አለ። ባለቤቱ ብራያን ሺምኮዊትዝ የዋልያሱን ኪቦርድ ተጫዋች የኃይሉ መርጊያን ካሴት ባሕር ዳር አገኘው። ኃይሉ ያን ካሴት በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ሆኖ የቀዳው ነው፤ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድ፣ የከበሮ ማሽን። ከዋልያስ ጋር በ1981 አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀርቶ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲወጣ ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ ነበር። በቀጣዩ ዓመት «ቼ በለው»ም ታተመ። በ2018 ደግሞ አዲስ አልበም አወጣ።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ያውቃል። የሚያናድደው ሌላ ነው። እነዚህ እንደገና የታተሙ ሸክላዎች እዚህ አዲስ አበባ አይገኙም፤ ቢገኙም ዋጋቸው አይቀመስም። የመጀመሪያዎቹ ደግሞ በውጭ ሰብሳቢዎች ተገዝተው አልቀዋል። መርካቶና ፒያሳ ዞሮ ሸክላ መግዛት ድሮ ቀረ። እዚህ ላይ እኔም ዝም አልኩ።

ሙዚቃዊ የሚባል የአገር ቤት ድርጅት የአይቤክስ ባንድን የ1976 የሙዚቃ መሣሪያ ቅጂ በሸክላ ማውጣቱን ሌላዋ ጓደኛችን አነሳች። በራስ ሆቴል የተቀዳ ነው። እንዲህ ያለው እዚህ ሲጀመር ደስ ይላል። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ስለ እሱ ተጫወትን።

ኅዳር ማብቂያ

ማጠብ ተጀመረ። ጭሱም ሄዷል።

ውሃው የተጣራ መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ጨው ይተዋል፤ ያ ጨው መርፌው የሚሄድበት ቦይ ውስጥ ገብቶ ይንጣጣል። እኔ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ነው የምገዛው። ስትገዙ ውሃ ብቻ መሆኑን፣ አሲድ እንዳልሆነ አረጋግጡ። አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ሸክላውን በጠርዙ እይዛለሁ። መሀሉ ላይ ያለው ወረቀት እንዳይረጥብ የፕላስቲክ ክዳን ከላይም ከታችም እይዝበታለሁ። ለስላሳ የቀለም ብሩሽ በውሃው ነክሬ ቦዩን ተከትዬ በክቡ አዞራለሁ። መቼም ቢሆን ከመሀል ወደ ውጭ አላሻሽም። ከዚያ ሳሙና በሌለው ውሃ አለቀልቃለሁ። በማይክሮፋይበር ጨርቅ ውሃውን እመጥጠውና ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ።

የሚወጣው ውሃ ያስደነግጣል። ቡናማ ነው። አቧራ፣ የሲጋራ ጭስ፣ የጣት ቅባት። መጠጥ ቤት ነበር ብያችኋለሁ። አንዱ ሸክላ ላይ የደረቀ ጣፋጭ ነገር ነበር፤ ጠጅ ይሁን ለስላሳ አላውቅም። ለብ ባለ ውሃ ደጋግሜ በማርጠብ ለቀቀ። ፍል ውሃ ክልክል ነው፤ ሸክላው ይጣመማል። አልኮል የሚጠቀሙ አሉ፤ ለቪኒል ችግር የለውም ይላሉ። ከዚህ በፊት የነበሩት ባለ 78 ዙር ሸክላዎች ላይ ግን አልኮል ሞት ነው፤ ከሙጫ የተሠሩ ስለሆኑ ያሟሟቸዋል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የማይለይ ሰው አልኮሉን ቤት ባያስገባው ይሻላል።

ይህን ሳደርግ አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። ደረቅ ሸክላ በመብራት ሲታይ ብዙ የተጫወተው ገጽ ግራጫ ይሆናል። መርፌው ሲመላለስ ቦዩን ስለሚበላው ነው። ያልተጫወተው ጥቁርና አንጸባራቂ ነው። የእማማ ሸክላዎች ሳይድ ኤ፣ ዘፈን ያለበት፣ ግራጫ ነው። ሳይድ ቢ ላይ ያለ ዘፋኝ በመሣሪያ ብቻ የተጫወተው ደግሞ፣ ባለባቸው ላይ፣ ጥቁር ነው። ጨርሶ አዲስ ይመስላል።

እማማን ጠየቅኳቸው። «እውነትህን ነው» አሉ። «ሰው ዘፈን ነበር የሚጠይቀው። ያኛውን ባለቤቴ ብቻ ነበር ደንበኛ ሳይመጣ በጧት የሚሰማው።»

ይህ ለሥራዬ ትልቅ ዜና ነው። ከሁሉ የበለጠ የምፈልገው፣ ጃዙ ያለበት ገጽ፣ ከሁሉ የተሻለ ተጠብቋል ማለት ነው።

ታኅሣሥ መጀመሪያ

ማጫወቻውን ማስተካከል። ከሙዚቃው ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ግን ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ፍጥነት። 133 መስመር ያለው ክብ ወረቀት አትሜ ሸክላው ቦታ ላይ አስቀመጥኩ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ የድሮ አምፖል በሴኮንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። በዚያ አምፖል ሥር ማጫወቻው 45 ገደማ ከዞረ መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። ወደፊት ከሄዱ ፈጥኗል፣ ወደኋላ ከሄዱ ዘግይቷል። በዘመናዊው ኤልኢዲ ብዙ ጊዜ አይሠራም። አምፖል ከጎረቤት ተዋስኩ።

ሁለተኛ መሀል ማግኘት። የነዚህ ሸክላዎች ቀዳዳ ትልቅ ነው፤ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ። የማጫወቻው ዘንግ ቀጭን ስለሆነ መሀል የሚገባ ክብ ፕላስቲክ ያስፈልጋል። ችግሩ አንዳንዱ ሸክላ ሲታተም ቀዳዳው ራሱ ትክክል መሀል አልተበሳም። 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢወጣ ድምፁ በየዙሩ ከ1 በመቶ በላይ ከፍ ዝቅ ይላል። በአንድ ሴኮንድ ከሲሶ አንዴ ማለት ነው። ለፈጣን ዘፈን አይታወቅም ይሆናል። ሳክስፎኑ ትዝታ ቅኝት ላይ ረጅም ድምፅ ይዞ ሲቆም ግን ያማል። ተጫዋቹ ያላደረገውን መንቀጥቀጥ ትሰማላችሁ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ትልቁ ቀዳዳ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ፕላስቲኩን አወጣዋለሁ። ሸክላውን በነጻ አስቀምጬ መርፌውን አወርዳለሁ፣ የመርፌውን ክንድ ከፊት ሆኜ አያለሁ። ክንዱ ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ ሸክላው መሀል ላይ አይደለም። መርፌውን አንስቼ በጣት ጫፍ ፀጉር ታክል እገፋዋለሁ። እንደገና። ክንዱ ቀስ እያለ ወደ መሀል ብቻ መሄድ ሲጀምር አልቋል። አንዳንዱ ወዲያው ይገኛል፤ አንዳንዱ ማምሻዬን ይወስዳል።

ሦስተኛ መርፌ። ሁለት አሉኝ፤ የአንዱ ጫፍ ባለ 18 ማይክሮን፣ የሌላው ባለ 25። ሰፊው በቦዩ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ጠባቡ ዝቅ ብሎ። የድሮው መርፌ አንዱን ከፍታ በልቶት ከሆነ ሌላው ከፍታ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ግራጫዎቹ ሳይድ ኤዎች ላይ ሁለቱንም ሞክሬ የተሻለውን እይዛለሁ። በአብዛኛው ሰፊው ይሻላል። ልዩነቱ ሲሰማ እጅግ ደስ ይላል፤ ከጉሮሮው ሻካራነት ሥር የዘፋኙ ትንፋሽ ብቅ ይላል።

ታኅሣሥ አጋማሽ

መገልበጥ። 24 ቢት፣ 96 ኪሎ ኸርዝ። ይህ የዓለም የድምፅ ቤተ መዛግብት ማኅበር የሚመክረው ነው። አንድ ደቂቃ 35 ሜጋ ባይት ያህል ይወስዳል፤ አራት ደቂቃ ያለው ገጽ ወደ 140። ሚሞሪ ይበላል፤ ይብላ። ሸክላውን ሁለተኛ ጊዜ የሚገለብጠው ሰው ላይኖር ይችላል።

ሸክላዎቹ አብዛኞቹ ሞኖ ናቸው፤ በግራም በቀኝም ያለው ድምፅ አንድ ነው። እኔ ግን በስቴሪዮ ነው የምገለብጣቸው። የቦዩ ግራ ግድግዳና ቀኝ ግድግዳ እኩል አይጎዱም። ሁለቱን ለየብቻ ከያዝኩ በኋላ ንጹሑን መምረጥ እችላለሁ። አንድ ላይ ደባልቄ ብይዝ ግን ጭረቱም አብሮ ይደባለቃል።

መብራት ሲመላለስ ሌሊት ነው የምሠራው። ፀጥታውም ለሥራው ጥሩ ነው።

አሁን ስለ ሳይድ ቢዎቹ። እነዚያን ጥቁር ገጾች አንድ በአንድ ስሰማ ነበር። እንዴት ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም። ኦርጋን ይጀምራል፤ ቤዙ ከሥር ይገባል፣ አንድ ሐረግ ብቻ እየደጋገመ። ከዚያ ሳክስፎኑ ዜማውን ይይዛል። ዜማው አንቺሆዬ ነው፤ ማንኛችንም ከሕፃንነት የምናውቀው ቅኝት። ከበሮው ግን ከሌላ ዓለም የመጣ ነው፤ ከላቲን፣ ከሶል። ትራምፔቱ መጨረሻ ላይ ብቻውን ይወጣና በሁለት ዙር ውስጥ የሚለውን ሁሉ ብሎ ይመለሳል። ሦስት ደቂቃ ተኩል። ሙላቱ አስታጥቄ በበርክሊ ተምሮ፣ በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ወርዚ ለሚባል ትንሽ አሳታሚ ሁለት ሸክላ ቀድቶ ያመጣው ሐሳብ፣ የእኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከጃዝ ኅብረ ድምፅ ጋር ማስማማት፣ እዚህ በአገር ልጆች እጅ ሲኖር ይሰማል። ወረቀቱ ላይ የሚነበበው የዜማው ስም ብቻ ነው።

ማን ናችሁ? ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ። እውነቴን ነው።

ከዚያው ሳምንት

ጋሼን ጋበዝኳቸው። በወታደር ባንድ ውስጥ ትራምፔት ሲነፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ስማቸውን አልጽፍም፤ አይወዱም። ሻይ አቀረብኩ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰጠኋቸው፣ ያን ሳይድ ቢ ከፈትኩላቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ትራምፔቱ ሲመጣ ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ሆኖ ሦስት ጣት ይንቀሳቀስ ጀመር። ያልቃል፤ «ድገመው» ይላሉ። ደገምኩ።

«ይኸውልህ» አሉ። «ቁልፉን ሙሉ በሙሉ አይጫነውም። ግማሽ ላይ ይዞ ነው ድምፁን የሚያንሸራትተው። አየህ፣ ማሲንቆ ነው የሚያደርገው። እንዲህ የሚነፋ በኛ ጊዜ ሁለት ሰው ነበር። አንዱ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ አልነበረም።»

የሌላውን ስም ነገሩኝ። ሳክስፎኑንም ነገሩኝ፣ ቤዙንም። ከበሮውን «እርግጠኛ አይደለሁም፤ አልዋሽህም» አሉ። ይህን ቃላቸውን እንዳለ መዝገቡ ላይ ጻፍኩት።

ለእያንዳንዱ ስም ከጎኑ ሦስት ሣጥን አበጅቻለሁ። ማን ነገረኝ? መቼ? በሌላ ሰው ተረጋግጧል? ሁለት ሰው፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ፣ ተመሳሳይ ስም ካልሰጠኝ «ያልተረጋገጠ» ሆኖ ይቆያል። ለዚህ ነው ስሞቹን እዚህ የማልዘረዝረው። የተሳሳተ ስም አንዴ ከወጣ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም፤ በየድረ ገጹ እየተገለበጠ እውነት ይመስላል።

የምናውቃቸው ግን አሉ፤ እነሱንማ ደጋግሞ መጥራት ይገባል። የሶል ኤኮስ ባንድ ልጆች፣ ተስፋማርያም ኪዳኔ በሳክስፎን፣ ታምራት ፈረንጂ በትራምፔት። በዋልያስ መላከ ገብሬ በቤዝ፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎንና በዋሽንት፣ ተማረ ሐረጉ በከበሮ። በአይቤክስ ሰላም ሥዩም በጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ። ግርማ በየነ ደግሞ ራሱ የዘፈናቸው ጥቂት ናቸው፤ ያቀናበራቸው ግን በጣም ብዙ ናቸው። ከዋልያስ ጋር አሜሪካ ሄዶ ቀረ፣ ከሙዚቃ ራቀ፤ በ2017 ከፈረንሳዩ አካለ ውቤ ባንድ ጋር ሆኖ ተመለሰ። እነዚህን ስሞች ያገኘናቸው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለጠየቀና ስለጻፈ ነው።

ከገና በኋላ

ድምፅ ማጽዳት ላይ ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። እሱ ጣ ጣ የሚለው ሁሉ ይጥፋ ባይ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያሉት ማጽጃዎች ይችላሉ። እኔ ደግሞ እንዳለ ይቀመጥ ባይ ነኝ።

ክርክሩን በጆሮ ፈታነው። አንዱን ሳይድ ቢ ሙሉ በሙሉ አጸዳሁለት። ሹክሹክታው ጠፋ። ከሱ ጋር የሲምባሉ ጭራ ጠፋ። ሳክስፎኑ ከሸንበቆው የሚያወጣው ሻካራ ትንፋሽም አብሮ ሄደ። ማሽኑ ትንፋሽንና አቧራን አይለይም። የጌታቸው መኩሪያን ሽለላ እንዲህ ብታጸዱት ፉከራው ቀርቶ ዜማው ብቻ ነው የሚተርፈው።

ስለዚህ ተስማማን። አንድ ያልተነካ ፋይል ለዘለዓለም ይቀመጣል። ለመስማት የሚሆነው ሌላ ነው፤ እሱ ላይ ትልልቆቹን ጣጣታዎች ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ በእጅ አወጣለሁ። የኋላ ሹክሹክታውን አልነካም። አድካሚ ነው። ግን ከሁለት ጣጣታ መሀል የሚቀረው ሙዚቃ እውነተኛ ነው።

ስለ መብትም ተነሳ። ብዙ ሰው «ለምን ዩቲዩብ ላይ አትጭነውም?» ይለኛል። አልጭነውም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው)። የአሳታሚውና የተጫዋቹ መብት 50 ዓመት ነው። የዜማና የግጥም ደራሲው መብት ግን ዕድሜውን ሙሉና ካረፈ በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ከነዚህ ደራሲዎች በሕይወት ያሉ አሉ፣ ያረፉትም ቤተሰብ አላቸው። ብዙዎቹ በዘመናቸው ከሸክላው ያገኙት ትንሽ ነው። እኔ ለማስቀረት ነው የምገለብጠው። አንድ አሳታሚ እነዚህን ማውጣት ከፈለገ ባለመብቶቹን ፈልጎ፣ ከፍሎ፣ ስማቸውን ጽፎ ያውጣ። ፋይሉንና የተጫዋቾቹን ዝርዝር በነጻ እሰጠዋለሁ።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

ሁለተኛ ምስክር ተገኘ። ድሮ ቤዝ ይጫወቱ የነበሩ፣ አሁን ዋሽንግተን የሚኖሩ አባት ናቸው። በልጃቸው በኩል ያን ሳይድ ቢ ላክሁላቸው፤ የጋሼን መልስ ግን አልነገርኳቸውም። በማግስቱ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መጣ። ረጅም ነው። ግማሹ ስለዚያ ዘመን የምሽት ቤቶች ነው፤ እሱንም አስቀምጬዋለሁ።

ትራምፔቱ ላይ ከጋሼ ጋር አንድ ስም ሰጡ። ያ መስመር «ተረጋግጧል» ሆነ። ሳክስፎኑ ላይ ተለያዩ። ጋሼን መልሼ ስጠይቃቸው «እሱ ቤዝ ነበር የሚጫወተው፣ እኔ ከሳክስፎኑ ጎን ነበርኩ» አሉ፤ አልተነቃነቁም። ሁለቱንም ስም ጻፍኩ፣ ሁለቱንም ምስክር ጻፍኩ። ከበሮውን ሁለቱም አላወቁትም።

ወረቀቱ የተላጠው ሸክላም ታውቋል። የተጫረው ቁጥር ከአምሃ ዝርዝር ጋር ገጠመ፣ ዘፈኑንም እማማ ከመጀመሪያው ሐረግ ለዩት። ወንበራቸው ላይ ሆነው አብረው ዘፈኑት፤ ግጥሙን ሁሉ ያውቁታል።

የተገለበጡት በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ናቸው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ ሌላ ሰፈር ጓደኛዬ ጋ። የተገለበጡት ሸክላዎች አዲስ የወረቀት ልብስ አግኝተው ወደ እማማ ተመልሰዋል፤ እስካሁን አንዷም አልጎደለችም። ከአልጋ ሥር ወጥተው ቁምሳጥን ላይ፣ ቀጥ ብለው፣ ፀሐይ በማያገኛቸው ቦታ ቆመዋል።

ለመጪው ወር የካይፋዎቹ ክምር ይቀራል፣ ቀዳዳቸው ትክክል መሀል ላይ ያልሆነው በተለይ። ጋሼም ከድሮ ጓዶቻቸው አንድ የከበሮ ተጫዋች አዳማ እንዳሉ ሰምተዋል። ስልካቸውን እያፈላለጉልኝ ነው።